ሰባተኛው ጥያቄ

የአዳማ ነፋስ ዛሬም በሩን ያንኳኳል፤
ግን ግባ እስኪሉት ድረስ መች ይጠብቃል?
አቧራውን ይዞ ቅጹ ላይ ይተኛል።
በመዳፌ ጠርጌ ቁጥር እጽፋለሁ፤
አርባ አንደኛዋን ሴት ቁጭ በይ እላለሁ።

ስም?
«ዲንቂቱ።»
ዕድሜ?
«እሱን እናቴ ነበረች የምታውቀው፤
ድርቁ በገባ ዓመት... ሃያ ስድስት በይው።»
ስንተኛ እርግዝና?
«ሦስተኛ።»
ልጆችስ?
«አንድ።»
የጎደለውን አንድ ቅጹ ይጠይቃል፤
የእኔ አንደበት ግን እዚያ ሲደርስ መንገድ ይቀይራል።
ሳልጠይቅ አሰመርኩ።
ጣቴን አየችና ቀና አለች ወደ ላይ፣
ጣሪያው ላይ አንዳች ነገር እንዳለ የሚታይ።

ድመት አለ ቤት?
ሳቀች። «የእኔ አይደለችም፣ የአይጥ ናት እንጂ።
ጆንያውን በጥሰው ጤፌን ቢፈጁት፣
ከጎረቤት ለምኜ አመጣኋት።
ቀን ስትዞር ትውላለች፣ ማታ ትመጣለች፣
ሆዴ ላይ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች፤
ከአባቱ ቀድማ ልጁን የሰማች እሷ ነች።»
ኩሷንስ ማን ይጠርጋል?
«ማን አለ? እነዚህ ናቸው» ብላ እጆቿን ዘረጋች፤
ጥፍሯ ሥር አፈር ነበር፣ የቆስጣ አረንጓዴም።

አትክልቱን ታጥቢያለሽ?
«ሻጭ ነኝ፤ ከወንጂ በጋሪ ነው የማመጣው፤
ያልተሸጠው ነው ለእኛ ራት የሚሆነው።
የቧንቧ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፣
ለሰው ነው ለቅጠል? እስቲ አንቺ ፍረጂው።»
ፈረድኩ፤
«አንዳንዴ» የሚል ሣጥን ነበር።

ሰባተኛ። ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ?
ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ሌባ እንደያዝኩ ሁሉ፦
«ባሌ ልኳንዳ ቤት ነው፣ አውቶቡስ ተራ ጋ፤
ደመወዙ ሲያጥር በሥጋ ይሞላል፣
እሑድ ማታ ከዳቢት ጥቂት ያመጣል፤
ቢላዋ ሲያነሳ ምራቄ ይቀድመኛል።
አምሮት ነው፣ እህቴ። የእርጉዝ አምሮት ደሞ
ከእናት ካልወጣ ልጅ ላይ ይወጣል፣
ቀይ ሆኖ ጉንጩ ላይ ምልክት ይቀራል።
እሱን ፈርቼ በላሁ።»

ምልክት ፈርታ በላች።
እኔ የማውቀው ምልክት ጉንጭ ላይ አይወጣም፤
ከብሌን ጀርባ ያድራል፣ ስትስመው አታየውም።

ላስቲኩን አሰርኩላት። ክንዷ ቀጭን፣ ሥሯ ግን ታዛዥ፤
ደሟ ቀስ እያለ ብልቃጡን ሲሞላ
ዝም ብላ አየችው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል።

ስሙ ረጅም ነው፤ በአማርኛ የለም።
እንዲህ ብቻ አልኳት፦ «አንድ እንግዳ አለ፤
እንደ ነፋሳችን ነው፣ ማንኳኳት ብቻ አያውቅም።
አልጋ ላይ አይጥልሽም፤ ትኩሳቱ ቢመጣም
ብርድ ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ።
ድሮ ገብቶ ከሆነ ቤተኛ ነው፣ ጥግ ይዞ ያንቀላፋል፤
ዘንድሮ ከገባ ግን አንቺን አልፎ
የዚያን የታናሹን በር ይዳስሳል።»
«የእኔ የቱ ነው?»
«እሱን ደምሽ ነው የሚናገር። ዓርብ ነይ።
እስከዚያ ሥጋው ይብሰል፤ ኩሷን ባልሽ ይጥረገው።»
«ባሌ? የድመት ኩስ?» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ጋ ስትደርስ
ዞር አለች፦ «አንቺንስ፣ ሰባተኛውን ማን ጠየቀሽ?»
ጋውኔ ሰፊ ነው። እንዴት አወቀች?

ማታ በአውቶቡስ ተራ በኩል ወደ ቤት ሄድኩ።
ከቀይ አምፖል ሥር አንዱ ቢላዋ ይስላል፦
«እህት፣ የዛሬ ነው፣ ትኩስ። ጥሬ ነው ጥብስ?»
የዲንቂቱ ባል ይሁን አይሁን አላወቅኩም።
«ጥብስ» አልኩት፣ «እስኪያር ድረስ።»
ሳቀብኝ፣ የሥጋ ጣዕም እንደማላውቅ።
ምራቄን ዋጥኩት።

ቦርሳዬ ውስጥ አርባ ሁለተኛው ቅጽ አለ።
ስም የለውም። ስንተኛ እርግዝና ለሚለው፣ ሁለት።
ልጆችስ የሚለው ላይ
እስክሪብቶው ነጥብ ጥሎ ቆሟል፣ ቀለሙ ሰፍቷል።
ለዓርብ ሦስት ቀን ይቀራል።